በደም ሥር ውስጥ የተሄደው መንገድ



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከጻፋችሁልኝ መካከል ሦስታችሁ ሳትተዋወቁ አንድ ዓይነት ጥያቄ አንስታችኋል። የአንዱ አባት ልባቸው ሊታይ ነው። የሌላዋ እናት እግራቸው ደም በደንብ አልደርሰው ብሏል። የሦስተኛው አጎት ጉበታቸው ላይ ዕጢ ተገኝቷል። ሦስቱም ቤት ሐኪሙ "በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተን" ሲል ቤተሰቡ ደንግጧል። "መምህር፣ በእግር ገብቶ ልብ የሚደርስ ነገር እንዴት ይሆናል? ሰው መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው እንዴ?"

እኔ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። "እንፍቀድ ወይስ ይቅር?" ለሚለው መልሱ ያለው ታካሚውን ካየው ሐኪም ዘንድ ነው። ታሪኩን ግን ላጫውታችሁ እችላለሁ። ለልብ፣ ለእግርና ለካንሰር የሚገባው ቱቦ የተለያየ ነገር ቢመስልም የአንድ ታሪክ ልጅ ነው። መንገዱ መጀመሪያ የተከፈተው ለማየት ነበር፤ መታከሚያ የሆነው ኋላ ነው። ሲከፈትም በነጻ አልተከፈተም፤ የከፈሉ ሰዎች አሉ። (ዓመታቱ በኛ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በስተቀር በአውሮፓውያን ናቸው።)

ራጅና የዓድዋ ጥይት

ቪልሄልም ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ የማይታየውን ጨረር ያገኘው ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነው። ዓመቱ ሳያልቅ የባለቤቱን እጅ አጥንት ከነቀለበቷ አነሳው። ወሬው ዓለምን ለማዳረስ ሳምንታት ብቻ በቁት።

አራት ወር ሳይሞላ ዓድዋ ሆነ፤ በኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በእነሱ ማርች 1 ቀን 1896። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ላይ ናፖሊ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም ከኢትዮጵያው ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንስቶ የተቀበረውን ጥይት አገኘ። በጦርነት ለቆሰለ ሰው ራጅ ሲያገለግል የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። እንግዲህ አስቡት! በጦር ሕክምና ታሪክ መጀመሪያ በራጅ የታየው ከአያቶቻችን ጋር በተደረገ ውጊያ የተተኮሰ ጥይት ነው። "ራጅ" የምንለው ቃልም የመጣው ከጣልያንኛ ነው።

ታዲያ ራጅ አጥንትና ብረት እንጂ የደም ሥር አያሳይም። ደምና ሥጋ ጨረሩን የሚያሳልፉት ተቀራራቢ በሆነ መጠን ስለሆነ ፊልሙ ላይ አንዱ ከሌላው አይለይም። ክፍል ውስጥ እንዳስተማርኳችሁ፣ ከባድ አቶም ጨረር ይውጣል። ስለዚህ የደም ሥርን ለማየት ከባድ አቶም ያለበት ፈሳሽ ውስጡ መጨመር ያስፈልጋል። በጃንዋሪ 1896 ቪየና ላይ ሃሼክና ሊንደንታል የተባሉ ሁለት ሰዎች ይህንኑ ሞከሩት። ኖራና ሜርኩሪ ያለበት ድብልቅ የሬሳ እጅ ውስጥ ወጉና አንድ ሰዓት ያህል ጨረር ሰጡት። የእጁ ደም ሥሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወጡ። ውብ ምስል ነበር፤ ግን የሬሳ ነው። ያንን ድብልቅ በሕይወት ያለ ሰው ውስጥ ብትጨምሩት ይገድለዋል።

ካንሰር ፍለጋ ወደ ደም ሥር

በሕይወት ያለ ሰው የአንጎል ደም ሥርን የማየት ሐሳብ ከሊዝበን ነው የመጣው። ኤጋስ ሞኒዝ የነርቭ ሐኪም ነበር፤ ፖለቲከኛም ስለነበር አንድ ሰሞን የፖርቱጋል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኗል። የሚፈልገው የአንጎል ዕጢን ነው። የራስ ቅል ዝግ ሣጥን ነው፤ ዕጢው የት እንዳለ ሳይታወቅ መክፈት ደግሞ በጨለማ ቤት መርፌ እንደ መፈለግ ነው። ሞኒዝ ያሰበው እንዲህ ነው፦ ዕጢውን ባላየው እንኳ፣ ዕጢው ገፍቶ ያጣመማቸውን ደም ሥሮች ካየሁ ቦታውን አውቃለሁ።

እጆቹ በሪህ የተጎዱ ስለነበሩ መርፌውን የሚወጋው አልሜዳ ሊማ የተባለው ባልደረባው ነበር። አንገት ላይ ባለው ትልቁ ደም ቅዳ ውስጥ የአዮዲን ጨው ያለበት ፈሳሽ ወግተው በጁን 1927 በሕይወት ያለ ሰው የአንጎል ደም ሥር ምስል አገኙ። ከዚያ በፊት በነበረው ሙከራ ግን ከታካሚዎቹ አንዱ ሞቷል።

ልብ በሉ፤ የደም ሥርን በራጅ የማየት ሙያ እንዲህ ያደገው ዕጢ ሲፈለግ ነው። የደም ሥር ሕክምናና የካንሰር ሕክምና ገና ከጅምሩ የአንድ ማጀት ልጆች ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ያሳዝናል። የአዮዲኑ ፈሳሽ ያቃጥል ስለነበር የተሻለ ተፈለገ። ቶሮትራስት የተባለ፣ ቶሪየም ያለበት ፈሳሽ ገበያ ላይ ዋለ። አያምም፣ አያቃጥልም፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ሞኒዝን ጨምሮ ብዙ ሐኪሞች ወደዱት። ከ1930 ገደማ እስከ 1950ዎቹ ድረስ በብዙ አገር ለብዙ ሰው ተሰጠ።

ግማሽ ዕድሜን ያስተማርኳችሁ ልጆች እዚህ ጋ ጆሯችሁ ይቆማል። ቶሪየም ሬዲዮአክቲቭ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 14 ቢሊዮን ዓመት ነው። ሰውነት ደግሞ ሊያስወጣው አይችልም። ጉበት፣ ጣፊያና መቅኔ ውስጥ ተቀምጦ ሌት ተቀን የአልፋ ቅንጣት ይረጫል። ከሃያ ሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚያ ታካሚዎች በጉበት ካንሰር መታመም ጀመሩ። ካንሰርን ለመፈለግ የተከፈተው መንገድ ራሱ ካንሰር ዘርቶበት ነበር።

ይህን የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም። ዛሬ ሆስፒታል የሚሰጠው ኮንትራስት አዮዲን ያለበት ነው፤ ሬዲዮአክቲቭ አይደለም፤ በአብዛኛው በሽንት ይወጣል። ሐኪሙ ከመስጠቱ በፊት "ኩላሊት እንዴት ነው? አለርጂ አለ?" ብሎ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። የማነሳው አንድ ትምህርት ስላለው ነው፦ ዛሬ የማያም ነገር ሁሉ ነገ አይጎዳም ማለት አይደለም። ታካሚን ለዓመታት ተከታትሎ መመዝገብ የሕክምናው አካል መሆኑን ዓለም የተማረው እንደነዚህ ባሉ ሰዎች ሕይወት ነው።

ራሱን የሞከረው ሐኪም

በመርፌ አንገት ላይ መውጋት ለአንጎል ይሆናል፤ ልብስ? የ1920ዎቹ ሐኪሞች ልብን መንካት ሞት ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በ1929 በርሊን አጠገብ ባለችው ኤበርስቫልደ ከተማ ቨርነር ፎርስማን የሚባል የ25 ዓመት ጀማሪ ሐኪም ነበር። በክንድ ደም መልስ በኩል ቱቦ ቢገባ ያለ ችግር ልብ ይደርሳል የሚል ሐሳብ አለው። አለቃው ከለከለው። ጌርዳ ዲትሰን የተባለች ነርስ ግን መሣሪያ የሚቀመጥበት ክፍል ቁልፍ በእጇ ነው። ለምኖ አሳመናት፤ እሷም "በእኔ ላይ ሞክረው" አለች። እሺ ብሎ አልጋ ላይ አስተኝቶ አሰራትና፣ ዞር ብሎ የራሱን ክንድ አደንዝዞ በስቶ ቱቦውን በራሱ ደም ሥር ውስጥ ሰደደው። ቱቦው ለሽንት መስመር የሚያገለግል ካቴተር ነበር። ከዚያ ፈታትና ቱቦው ክንዱ ውስጥ እንዳለ በእግሩ ደረጃ ወርዶ ወደ ራጅ ክፍል ሄደ። እዚያ እያየ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብቶ ጫፉ የልቡ ቀኝ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ አስነሳው።

ታዲያ ተሸለመ? የት! ተሳቀበት፤ ታላቅ ተብሎ ከሚታወቅ የበርሊን ሆስፒታልም ተባረረ። ኋላ ሙያ ቀይሮ የሽንት መስመር ሐኪም ሆነ። የናዚ ፓርቲ አባልም ነበር፤ ታሪክ ስንናገር ደስ የማይለውንም መናገር አለብን። ሐሳቡን ያሳደጉት ኒውዮርክ ላይ አንድሬ ኩርናንድና ዲኪንሰን ሪቻርድስ ናቸው። በ1956 ሦስቱም የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

መርፌ፣ ሽቦ፣ ቱቦ

አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ቱቦ ለማስገባት ወይ ቆዳና ሥጋ ተቀድዶ ደም ሥሩ መውጣት አለበት፣ ወይ ደግሞ ቱቦው የሚያልፍበት ወፍራም መርፌ መወጋት አለበት። ወፍራም መርፌ ሲነቀል ቀዳዳው ከቱቦው ስለሚበልጥ ደም ይፈሳል።

ይህን የፈታው በ1953 ስቶክሆልም ያለው ካሮሊንስካ የሚሠራ ስቬን ሴልዲንገር የተባለ ወጣት የራዲዮሎጂ ሐኪም ነው። መፍትሔው ሦስት ቃል ነው፦ መርፌ ግባ፣ ሽቦ ግባ፣ መርፌ ውጣ። ከዚያ ዶቃ በክር ላይ እንደሚንሸራተት ቱቦው በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ይገባል። በመጨረሻ ሽቦው ይወጣል። በቃ! ቀጭን መርፌ የበሳው ቀዳዳ በቱቦው ልክ ይሞላል።

ቀላልነቱ ጎዳው መሰለኝ፤ ለዶክትሬት ማሟያ ይሁነኝ ሲል "ይሄ አይበቃም" ተባለ። ዶክትሬቱን ያገኘው ከዓመታት በኋላ በሌላ ሥራ ነው። ዛሬ ግን በዓለም ላይ ይህ ዘዴ የማይሠራበት ትልቅ ሆስፒታል የለም። የኬሞቴራፒ መድኃኒት በትልቅ ደም መልስ የሚሰጥበት ቱቦ በዚሁ ዘዴ ይገባል። የማህፀን በር ካንሰር የሽንት መስመርን ሲዘጋ በጀርባ በኩል ኩላሊት ውስጥ የሚገባው ቱቦም እንደዚሁ። ተማሪዎቼ፣ ቀላል ሐሳብ ትንሽ ሐሳብ አይደለም።

እግሬን አላስቆርጥም ያሉት እናት

እስካሁን ያለው ሁሉ ለማየት ነው። ቱቦው ይገባል፣ ኮንትራስት ይረጫል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወጣል። የተዘጋውን የሚከፍተው ቀዶ ሐኪሙ ነው። የራዲዮሎጂ ሐኪም ፎቶ አንሺ ነው፤ ፎቶ አንሺ ደግሞ አያክምም።

ይህን ወግ ያፈረሰው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ የነበረ ቻርልስ ዶተር ነው። በ1963 የአንድ ታካሚ ደም ሥር ለማየት ቱቦ ሲገፋ ሳያስበው ቱቦው የተዘጋውን ደም ቅዳ ሰንጥቆ አለፈ። ሌላው ሰው ቢሆን "ተመስገን፣ አልተጎዳም" ብሎ ያልፍ ነበር። ዶተር ግን "ሳላስበው ካለፈ፣ አስቤበት ለምን አላሳልፈውም?" አለ።

በጃንዋሪ 16 ቀን 1964 የ82 ዓመት እናት እሱ ዘንድ መጡ። ግራ እግራቸው ደም አጥሮት ጋንግሪን ጀምሮታል። ቀዶ ሐኪሞች "ይቆረጥ" ብለዋል፤ እሳቸው ደግሞ "አላስቆርጥም" ብለዋል። የእኚህ እናት እምቢታ ነው ለዶተር በር የከፈተለት። ጭናቸው ውስጥ ጠብቦ የነበረውን ደም ቅዳ በቀጭን ቱቦ፣ ቀጥሎ በላዩ ላይ በሚያልፍ ወፈር ያለ ቱቦ አሰፋው። እግራቸው ሞቀ፣ ሕመሙ ተወ፣ ቁስሉ ዳነ። ከዚያ በኋላ በኖሩት ከሁለት በላይ ዓመታት በሁለት እግራቸው ሄደው ነው የሞቱት።

የአገሩ ቀዶ ሐኪሞች ግን አልተቀበሉትም። "እብዱ ቻርሊ" የሚል ስም ወጣለት። አንድ ቀዶ ሐኪም ታካሚ ሲልክለት "እይ እንጂ ለመጠገን እንዳትሞክር" የሚል ማሳሰቢያ ወረቀቱ ላይ ጽፎ ነበር። የዶተር ክርክር ቀላል ነበር፤ የቧንቧ ሠራተኛ ቧንቧ ሲዘጋ የሚጠርግበትን ዘዴ ሐኪም ለምን ይንቃል? ለሽቦ የጊታር ክር ሳይቀር ሞክሯል። ሰውየው ራሱ ሆጅኪን የተባለው የሊምፍ ካንሰር ነበረበት፤ ከዚያ ጋር እየታገለ የአገሩን ረጃጅም ተራሮች ይወጣ ነበር።

ወጥ ቤት ውስጥ የተሠራው ፊኛ

የዶተርን ሐሳብ የተቀበለችው አውሮፓ ነበረች። ከተማሩት መካከል ዙሪክ የሚሠራ አንድሬአስ ግሩንትሲግ የሚባል ሐኪም አለ። የዶተር ቱቦ እግር ላይ ይሠራል፤ ለልብ ግን ወፍራም ነው። ግሩንትሲግ በቀጭኑ ገብቶ ውስጥ ገብቶ የሚነፋ ፊኛ አሰበ። (የልደት ፊኛ ዓይነት ነው፤ ከሽንት ፊኛ ጋር እንዳታምታቱ!) ችግሩ፣ ላስቲክ ፊኛ ሲነፋ በለሰለሰው በኩል ይወጠርና ጠንካራውን አይገፋም። የሚያስፈልገው ከተወሰነ ልክ በላይ የማይለጠጥ ነው። ማታ ማታ ቤቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከባለቤቱ፣ ከረዳቱና ከረዳቱ ባል ጋር ሆኖ ፕላስቲክ እየቆረጠ፣ እያሞቀና እያጣበቀ ሠራው።

በ1974 እግር ላይ፣ በሴፕቴምበር 16 ቀን 1977 ደግሞ ልብ ላይ ዋለ። ታካሚው የ38 ዓመት የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር፤ በልቡ ፊት ለፊት የሚወርደው ዋና ደም ቅዳ ጠብቦ ነበር። ነቅቶ እያወራ ፊኛው ተነፋ፣ ተነፈሰ፣ ወጣ፤ ደረቱ አልተከፈተም። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲታይ ያ ደም ሥር ክፍት ነበር። በ1986 ደግሞ የተከፈተውን ደግፎ የሚይዘው የብረት መረብ፣ ስቴንት፣ የሰው ልብ ውስጥ ገባ።

የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። የልብን ደም ሥር ለይቶ ማንሳትን የጀመረው ሜሰን ሶንስ፣ የቱቦውን ቅርጽ ያሻሻለው ሜልቪን ጀድኪንስ፣ ዶተርና ግሩንትሲግ አራቱም የሞቱት በአንድ ዓመት፣ በ1985 ነው። ግሩንትሲግ 46 ዓመቱ ነበር፤ ራሱ የሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ተከሰከሰች።

ተመልሶ ወደ ካንሰር

መንገድ ከተከፈተ ሊከፈትም ሊዘጋም ይችላል። በ1972 እነዶተር ከጨጓራ የሚደማ ታካሚ ላይ ቱቦውን ደም ወደሚፈሰው ደም ቅዳ ወስደው፣ ከታካሚው የተወሰደ የረጋ ደም ልከው ዘጉት። እዚህ ላይ የካንሰር ነገር ተመልሶ መጣ። ዕጢ ያለ ደም አያድግም፤ ታዲያ የዕጢውን ደም ብንዘጋበትስ?

ጉበት ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ጉበት ሁለት የደም ምንጭ አለው። ጤነኛው ጉበት ከደሙ ሦስት አራተኛውን ያህል የሚያገኘው ከአንጀት በሚመጣው ትልቅ ደም መልስ ነው፤ ካንሰሩ ግን ከሞላ ጎደል የሚጠጣው ከደም ቅዳው ነው። ስለዚህ በደም ቅዳው በኩል መድኃኒት ወስዶ ዕጢው ላይ አፍስሶ ከኋላው መዝጋት ይቻላል፤ ዕጢው ይራባል፣ ጉበቱ ግን በሌላው በር ይመገባል። ይህን በ1970ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ያዳበሩት ዶክተር ያማዳና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2002 ከባርሴሎናና ከሆንግ ኮንግ የወጡ ሁለት ጥናቶች በአግባቡ በተመረጡ ታካሚዎች ላይ ዕድሜ እንደሚያስረዝም አሳዩ። "በአግባቡ በተመረጡ" የሚለውን አስምሩበት፤ ለሁሉም የጉበት ዕጢ አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜም የሚያዘገየው እንጂ ጨርሶ የሚያድነው አይደለም።

ከሊዝበን ጀምረን ዞረን የመጣነው እዚህ ነው። ሞኒዝ ዕጢን በደም ሥሩ በኩል ፈለገ፤ ያማዳ ዕጢን በደም ሥሩ በኩል አከመ። መካከል ላይ ሃምሳ ዓመት፣ ራሱን የበሳ ሐኪም፣ ያልበቃ የተባለ ዘዴ፣ እምቢ ያሉ አንዲት እናት አሉ።

ወደኛ ስንመጣ

ይህ ሁሉ በአገራችን በቂ ነው አልልም። የካንሰር የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። የልብ ደም ሥር በቱቦ የሚታይባቸው ቦታዎች ዛሬም በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው፤ ዋጋውም ለብዙ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ይህን በማውራት አልፈታውም።

በኛ እጅ ያለው ግን ጊዜ ነው። የትኛውም ቱቦ የሞተ እግርን አይመልስም፤ የተሰራጨ ዕጢንም ሰብስቦ አይዘጋም። ስትራመዱ ባት የሚይዝና ሲያርፉ የሚተው ሕመም፣ በተለይ ስኳር ላለበትና ለሚያጨስ ሰው፣ "እርጅና ነው" ተብሎ አይታለፍ። የማይድን የእግር ቁስል ወር አይጠብቅ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው አያመኝም ብሎ ክትትል አይተው፤ የጉበት ካንሰር ትንሽ ሆኖ ሲገኝና ሆድ ሞልቶ ሲገኝ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

"ቱቦ እናስገባ" ስትባሉም ከመደንገጥ ጠይቁ። ለማየት ነው ወይስ ለማከም? የተዘጋ ቢገኝ እዚያው ትከፍቱታላችሁ ወይስ ሌላ ቀን ነው? ባይደረግስ ምን ይሆናል? ኩላሊቱ ታይቷል? በዚህ ቤት ስንት ጊዜ ተሠርቷል? ጥያቄ ድፍረት አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም አይከፋበትም። የተቀዳደደው የታሪክ መንገድ የሚያስተምረን እምቢ ማለትንም እሺ ማለትንም አውቆ ማድረግን ነው። እኚያ የፖርትላንድ እናት ለመቆረጡ እምቢ፣ ለቱቦው እሺ አሉ፤ ሁለቱም ውሳኔያቸው ነበር።

በሙያው ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ነርሶችም ራዲዮግራፈሮችም ሐኪሞችም፣ ያጎደልኩት ካለ ከሥር ጨምሩበት፤ ሰው ይማርበታል። ለታመሙት ሁሉ ምሕረቱን ያምጣ። ሰላም ዋሉ።